ፕሌይስቴሽኑ የቤታችንን ዋይፋይ አያይም፦ ከደሴ የቀረበ ጥያቄና የመጡት መልሶች

የመክፈቻው ጥያቄ

ሰላም ለሁላችሁም። የምጽፈው ከደሴ፣ ከሳላይሽ ነው። ጥያቄው የታናሽ ወንድሜ ነው። ሦስት ሳምንት አብሬው ስለታገልኩ ግን የእኔም ሆኗል።

ቤታችን ፕሌይስቴሽን 4 አለ። የመጀመሪያው፣ ወፍራሙ ሞዴል ነው። አክስታችን ከአሜሪካ ስትመጣ ይዛለት መጣች። ቅዳሜ ማታ እዚያ ካለው ልጇ ጋር ይጫወታል። ሁለቱ በአካል የተያዩት አንዴ ብቻ ነው። የአንዱ አማርኛ ይሰባበራል፣ የሌላው እንግሊዝኛ። ኳስ ሲጫወቱ ግን ይግባባሉ። ማሽኑ ከተቋረጠ ወዲህ የአክስቴ ልጅ ሁለት ጊዜ ደውሎ ምን ነካው ብሎ ጠይቆኛል።

ችግሩ የጀመረው የድሮውን የስልክ መስመር ኢንተርኔት ትተን ፋይበር ካስገባን በኋላ ነው። አዲስ ራውተር ተገጠመልን። ስልኮቻችን ሁሉ ይሰራሉ። ላፕቶፑም ይሰራል። ፕሌይስቴሽኑ ግን የእኛን ዋይፋይ ጭራሽ አያሳይም። የጎረቤቶቻችንን ስድስት ሰባት ስም ይደረድራል፤ የእኛ የለም። የስልኬን ሆትስፖት ስከፍትለት ወዲያው ይይዛል።

ወንድሜ አንድ ነገር አስተውሏል። መብራት ሄዶ ሲመጣ የእኛ ስም ብቅ ይላል። ያን ሰዓት ይገናኛል፣ ይጫወታል። በማግስቱ ይጠፋል። እኛ ሆን ብለን ራውተሩን ነቅለን ስንሰካው ግን አይመጣም። ምን ይሆን?

ይህን ጽፌ ተኛሁ። ጠዋት መልሱ ተደርድሮ ጠበቀኝ። ክሩ፣ ማለትም የመልሶቹ ሰንሰለት፣ ስለረዘመ፣ በኋላ ይህ ችግር የሚገጥመው ሰው ሁሉንም ማንበብ እንዳይቸግረው፣ የተባለውን በተራ ቁጥሩ እዚህ አስቀምጣለሁ።

መልስ 1

ከኮምቦልቻ ነው። በአብሽሪ ነው የጀመረው፤ የአገሬ ሰው መሆኑ ከዚያው ታወቀኝ። ከዚያ ሦስት ነገር ጠየቀ፤ ከማሽኑ ጀርባ የተጻፈውን የሞዴል ቁጥር፣ የስህተት ኮድ ካለ ኮዱን፣ ራውተሩና ማሽኑ ያሉበትን ቦታ። ሌላ ምንም አላለም። እንዲህ ያለ መልስ ደስ ይለኛል። ሳይጠይቅ አልፈረደም።

መልስ 2 እና 3

ሁለተኛው ግን ፈረደ። የማሽኑ አንቴና ሞቷል፣ ሰሪ ጋ ተወስዶ ይከፈት የሚል ነው። ሦስተኛው በዚህ ተቆጣ። ሆትስፖት የያዘ ማሽን፣ የጎረቤት ስም የሚደረድር ማሽን፣ አንቴናው ሞቷል ሊባል አይችልም አለ። የሰው ደህና ዕቃ አስከፍታችሁ ብሎኑ ይጠፋል፣ ያቺ ቀጭን የአንቴና ሽቦ ትበጠሳለች፣ ከዚያ በእውነት ይሞታል ብሎ ገሰጸው። ንግግሩ ሻከር ያለ ነበር። ሐሳቡ ግን ትክክል ነው። እኔም ሰሪ ጋ ልወስደው አስቤ ስለነበር ውለታ ውሎልኛል።

መልስ 4

ይህ ከሁሉም በትዕግሥት የተጻፈው ነው። የዛሬ ራውተሮች በሁለት መንገድ ይረጫሉ፣ አንዱ 2.4 ጊጋኸርዝ፣ ሌላው 5 ጊጋኸርዝ ነው አለ። በፈረንጁ 2013 የወጣው የመጀመሪያው ፕሌይስቴሽን 4 የሚያውቀው 2.4ን ብቻ ነው። 5ን መያዝ የቻሉት በፈረንጁ 2016 የመጡት ቀጭኑና ፕሮ የሚባለው ሞዴል ናቸው። ስለዚህ በአዲሱ ራውተር ላይ 2.4 ተዘግቶ ከሆነ ስልኮች ምንም አይሉም፣ ማሽኑ ብቻ ይታወራል። በስልኬ ማሰሻ 192.168.1.1 ብዬ የራውተሩ ማስተካከያ ገጽ ውስጥ ገብቼ ሁለቱም መከፈታቸውን እንዳይ ነገረኝ። ሁለቱ በአንድ ስም ከሆኑም ለየብቻ ስም እንድሰጣቸው መከረ። ማታውኑ ወንድሜን ጠርቼ ገባን።

መልስ 5

የእኔ ነው። ሞዴሉ ሲዩኤች-1215ኤ ነው። የስህተት ኮድ የለም፤ ስሙ ራሱ ከዝርዝሩ ላይ የለማ። ራውተሩ ኮሪደር ላይ ተሰቅሏል፣ ማሽኑ ሳሎን ቡፌው ውስጥ ነው፣ በመካከላቸው አንድ ግድግዳ አለ። 2.4ም ተከፍቷል፣ የራሱም ስም አለው። ስልኬ በዚያ ስም ይገናኛል። ስለዚህ የመልስ 4 ሐሳብ ለእኛ አልሆነም። ለብዙ ሰው ግን መልሱ እሱ ነው ብዬ አምናለሁ። አዲስ ራውተር አስገብቶ የመጀመሪያው ፕሌይስቴሽን 4 የጠፋበት ሰው መጀመሪያ ይህን ይይ።

ከ6 እስከ 8

ስድስተኛው መልስ 4ን አመሰገነ። ሰባተኛው የእኔን ሳያነብ ያንኑ የ2.4 ነገር ደገመው። ሦስተኛው ተመልሶ መጥቶ ከመጻፍህ በፊት አንብብ አለው። ልጁም አልተቀየመም፣ ይቅርታ ጠይቆ ወጣ።

ስምንተኛዋ ከሐይቅ ናት። ቡፌ የሚለውን ቃል ይዛ መጣች። የኋላ ግድግዳው መስታወት የሆነ ቡፌ እንደሆነ ጠየቀች። ነው። የወሎ ቤት ቡፌ መቼም ያለ መስታወት አይሆንም። ከመስታወቱ ጀርባ የተቀባው ስስ የብረት ሽፋን ሞገዱን እንደሚመልሰው ገለጸች። እሷ ማሽኗን ከቡፌው አውጥታ ጠረጴዛ ላይ ካደረገችው በኋላ የሲግናሉ መቶኛ ከፍ ብሎላታል። ፕሌይስቴሽን 4 ይህን መቶኛ በኔትወርክ ሴቲንጉ ውስጥ ያሳያል። እኛም አወጣነው። የጎረቤቶቹ ስሞች በረከቱ። የእኛ አሁንም የለም።

መልስ 9

ይህን ሰው ባገኘው ቡና አፈላለት ነበር። ኮምቦልቻ ላይ የፕሌይስቴሽን ቤት አለው፣ አራት ማሽን ያለው። ቤቱ በቆርቆሮ የተከፋፈለ ነው። ራውተሩ ከፊት፣ ማሽኖቹ ከኋላ። ልጆች ከፍለው ተቀምጠው ጨዋታው መሃል ላይ ይቆረጣል። ገንዘብ መመለስ ግድ ይሆንበታል። ራውተሩን ከፍ አደረገው፣ ዝቅ አደረገው፣ ሁለት ራውተር ቀየረ። ቆርቆሮ ሞገድ አያሳልፍም፤ በበሩና በስንጥቁ ዞሮ የገባው ብቻ ነው የሚደርሰው። የኮምቦልቻ ሙቀት ደግሞ ከደሴ አይገናኝም። በሩን ከፍቶ ሲሰራ ይሻላል፣ ሲዘጋው ይብሳል። ለካ በሩም ቆርቆሮ ነው።

በመጨረሻ ዋይፋዩን ትቶ የኔትወርክ ኬብል ዘረጋ። ፕሌይስቴሽን 4 ከጀርባው የኬብል ቀዳዳ አለው፤ ብዙ ሰው ግን ልብ አይለውም። ተራው ኬብል እስከ 100 ሜትር ድረስ ይሰራል። የራውተሩ ቀዳዳ ስላልበቃ ስዊች የሚባል ቀዳዳ የሚያበዛ ትንሽ ዕቃ ጨመረበት። ከዚያ ወዲህ ጨዋታ መሃል የተቆረጠበት ልጅ የለም። ለእኔም የመከረኝ ያንኑ ነው፤ አንድ ግድግዳ ከሆነ ብሱት፣ ኬብል አሳልፉ። እናቴ ግድግዳ መብሳቱን አልወደደችም። እኔም ምክንያቱን ሳላውቅ መሸሽ አልፈለግኩም።

10 እና 11

እዚህ ላይ ክሩ ወደ አየር ሁኔታ ሄደ። አሥረኛው የደሴ ሰው ነው። ክረምት ጭጋጉ ከጦሳ ተራራ ሲወርድ ዋይፋዩ ይደክማል ብሎ ያምናል። ማይክሮዌቭ ምግብ የሚያሞቀው በዚሁ በ2.4 አካባቢ መሆኑን እንደ ማስረጃ አቀረበ፤ ውሃ ሞገዱን ይጠጣዋል ማለቱ ነው። አሥራ አንደኛው አረመው። በቤት ውስጥ ባለ ርቀት ጭጋጉ የሚወስደው ከቁጥር የሚገባ አይደለም። የአሥረኛው ቤት ገና በድሮው የመዳብ መስመር ላይ ከሆነ ግን ዝናብ የሽቦውን መጋጠሚያ አርሶት ኢንተርኔቱ ራሱ ይበላሻል፣ ሰውም ዋይፋዩን ያማል አለ። ይህ አስተዋይ መልስ ነው። ዋይፋይ መያዝና ኢንተርኔት ማግኘት ሁለት ነገር ነው። ሰው ሁለቱን እየቀላቀለ ስንት ቀን ይደክማል!

መልስ 12

አጭር ነው። ከማሽኑ ጋር በዩኤስቢ 3 የተሰካ ሃርድ ዲስክ ካለ ነቅላችሁ ሞክሩ ይላል። ያ ዓይነቱ ዩኤስቢ ሲሰራ በ2.4 አካባቢ ጫጫታ ይፈጥራል። ኬብሉ ደካማ ከሆነ ይብሳል። እኛ ጋ አለ፣ ጨዋታ የሚጫንበት። ነቀልነው። ስሙ አልመጣም። ይህን ምክር ግን ያዙልኝ፣ በኋላ እመለስበታለሁ።

ከ13 እስከ 17

አሥራ ሦስተኛው ከወልድያ ነው፤ ታሪኩ እንዲህ ነው። የእሱ ማሽን ዋይፋዩን ይይዛል። አይፒ አድራሻ፣ ማለትም ራውተሩ የሚሰጠውን መለያ ቁጥር፣ ያገኛል። አካውንቱ ውስጥ ግን አያስገባውም። ለአንድ ወር ያህል ፓስወርድ ሲቀያይር ቆየ። በመጨረሻ የማሽኑን ቀን አየ። ታናሽ እህቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር አስተካክላው ነበር! ማሽኑ ከዓለም በሰባት ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ቀርቷል። ኢንተርኔት ላይ የሚገናኙት ሰርቨሮች የሚያሳዩት የደህንነት ምስክር ወረቀት የመጀመሪያና የመጨረሻ ቀን አለው። በማሽኑ ሰዓት ያ ወረቀት ገና አልተሰጠም። ስለዚህ አላመነውም። ቀኑን ወደ ፈረንጁ ሲመልሰው ገባለት።

እዚህ ላይ ሁለት ሰዎች ተጋጩ። አሥራ አራተኛው የራሳችን ቀን ምን በደለ ብሎ ተነሳ። አሥራ አምስተኛው ስለ ቀን ክብር ማንም አላነሳም፣ ስለ ማሽን ነው የምናወራው ብሎ ቀጨም አደረገው። ሁለት መልስ ያህል ተነታረኩ። የወልድያው ልጅ ራሱ ገብቶ አበረዳቸው፤ ቤቱ ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ካላንደር አሁንም የእኛው መሆኑን አስታወሳቸው።

ከእሱ ታሪክ የወሰድኩት ነገር አለ። ፕሌይስቴሽን 4 የኢንተርኔት ፈተና የሚባል ምርጫ አለው። ፈተናው በተራ ይሄዳል። መጀመሪያ አይፒ አድራሻ፣ ቀጥሎ ኢንተርኔት፣ ቀጥሎ አካውንት መግባት፣ ከዚያ የኤንኤቲ ዓይነት (ከሌሎች ተጫዋቾች ጋር ምን ያህል በቀጥታ መገናኘት እንደሚችል) እና ፍጥነት። የት ላይ እንደቆመ ማየት ነው ዋናው። የእሱ ሦስተኛው ላይ ቆመ፤ ስለዚህ ራውተሩን ማማት አያስፈልገውም ነበር። የእኛ ከመጀመሪያውም በፊት ቆሟል፣ ስሙን ማየት ላይ። ስለዚህ ዲኤንኤስ (የድረ ገጽ ስምን ወደ ቁጥር አድራሻ የሚተረጉመውን) ቀይሪ፣ 8.8.8.8 አድርጊ እያላችሁ በውስጥ የጻፋችሁልኝ ሁሉ፣ አመሰግናለሁ፤ እዚያ ገና አልደረስንም።

ከ18 እስከ 20

አሥራ ስምንተኛው መልስ ከአንድ በዕድሜ የገፉ ሰው ነው። የልጁ ዋይፋይ መጥፋት የአላህ ሥራ ነው፣ ደብተሩን ይያዝበት የሚል ነው። አሥራ ዘጠነኛው ክፉ ቃል መለሰላቸው፤ እዚህ አልደግመውም። አዛውንትን እንዲህ መናገር የወሎ ወግ አይደለም። እኔ በ20ኛው መልስ ለሁለቱም ጻፍኩ። አባታችን ስለ ትምህርቱ ማሰብዎ ትክክል ነው አልኳቸው። ወንድሜ ከሰኞ እስከ ዓርብ ማሽኑን አይነካም፤ ይህ የቤታችን ሕግ ነው። ቅዳሜ ግን ከዘመዱ ጋር ነው የሚጫወተው። ዘመድ ባሕር ማዶ ሲሆን መገናኛው እንዲህ ሆኗል። እሳቸውም መረቁት። አሥራ ዘጠነኛው ጽሑፉን አጠፋ።

መልስ 21

ስለ መብራት ነው። ራውተሩ በብዛት በ12 ቮልት ስለሚሰራ መብራት ሲሄድ የሚይዝ ትንሽ ባትሪ ይሸጣል፣ ግዙ፣ እኛ ቤት ከዚያ ወዲህ ዋይፋዩ ጠፍቶ አያውቅም የሚል። ለሌላ ሰው ጥሩ ምክር ነው። የእኛ ነገር ግን የተገላቢጦሽ ነው፤ መብራት ሲሄድ ነው የሚድንልን። ይህን ስጽፍ ነው አንዱ የነቃው።

መልስ 22

ይህም ከወልድያ ነው፣ ግን ሌላ ሰው። ሥራው ኔትወርክ መዘርጋት እንደሆነ ብቻ ተናገረ። ሁላችንም ያለፍነውን የወንድሜን ነገር ያዘ፤ ስሙ የሚመጣው መብራት ሄዶ ሲመለስ ብቻ ነው፣ እኛ ስንነቅለው አይመጣም።

አገላለጹ ይህ ነው። 2.4 በ13 ቻናል የተከፋፈለ ነው። ቻናሎቹ ተጠጋግተው ስለተሰሩ ሳይነካኩ ጎን ለጎን መቆም የሚችሉት 1፣ 6 እና 11 ናቸው። ለአሜሪካ ገበያ የሚሰሩ ብዙ ዕቃዎች ከ1 እስከ 11 ብቻ ነው የሚሰሙት። 12 እና 13 ላይ ያለ ዋይፋይ ለእነሱ የለም። መጨረሻው 15ኤ የሆነው የእኛ ሞዴል ደግሞ የሰሜን አሜሪካ ነው። እዚህ የተገዛ ስልክ እስከ 13 ይሰማል።

የእኛ ራውተር ቻናሉን ራሱ እንዲመርጥ ተደርጎ ይሆናል አለ። ሰፈሩ ሁሉ በ1፣ በ6 እና በ11 ሲሞላ ራውተሩ ባዶውን ፈልጎ 13 ላይ ይቀመጣል። እኛ ብቻችንን ነቅለን ስንሰካው ጎረቤቶቹ ሁሉ አየሩ ላይ ናቸው፤ ተመልሶ 13 ይሄዳል። መብራት ሲሄድ ግን የሰፈሩ ራውተር በሙሉ ይጠፋል። ሲመጣ ሁሉም አብረው ይነሳሉ። ያኔ አየሩ ባዶ ስለሆነ የእኛው ከታች አንዱን ይይዛል፣ ማሽኑም ያየዋል። ሌሊት እንደገና ሲያስስ ጎረቤቶቹን ያገኝና ወደ 13 ይሸሻል። በማግስቱ ይጠፋል።

ሳነበው እጄ ተንቀጠቀጠ። ሁሉም ገጠመ። የስልኬ ሆትስፖት ለምን እንደሚታየውም ተገለጠልኝ፤ ስልኩ ከታችኛዎቹ ቻናሎች አንዱን ነበር የያዘው።

መልስ 23

የእኔ ነው። መጀመሪያ በአንድሮይድ ስልኬ ላይ የዋይፋይ ቻናል የሚያሳይ አፕ ጫንኩ። የእኛ ስም 13 ላይ ብቻውን ቆሟል። ጎረቤቶች በሙሉ ከ11 በታች ተፋፍገዋል። ራውተሩ ውስጥ ገብቼ ከአውቶ አውጥቼ 6 ላይ አሰርኩት። የቻናሉን ስፋትም 20 ሜጋኸርዝ አደረግኩ፤ በተጨናነቀ ሰፈር የሚመከረው ይህ ነው። ፓስወርዱ ደብልዩፒኤ 2 በሚባለው የዋይፋይ ጥበቃ ዓይነት መሆኑን አረጋገጥኩ። ሴቭ አልኩ።

ወንድሜ ሳሎን ነበር። ጩኸቱ ኮሪደር ድረስ መጣ።

ወዲያው ግን ሌላ ነገር ታየ። ተገናኝቷል፤ ፍጥነቱ ግን የላፕቶፑን ሩብ አይሞላም። ሲግናሉም ይዋዥቃል። የመልስ 12 ነገር ትዝ አለኝ። ሃርድ ዲስኩ ተመልሶ ተሰክቶ ነበር። ነቀልነው፤ ፍጥነቱ ተነሳ። በረዘመና ደህና በሆነ ኬብል ከማሽኑ አራቅ አድርገን ሰካነው። አሁን ሁለቱም በሰላም ይሰራሉ። የሐይቋም እህት ምክር አልተጣለም፤ ማሽኑ ወደ ቡፌው አልተመለሰም። እናቴ በዚያ ቦታ ስኒዎቿን ደርድራበታለች።

ከ24 እስከ 29

ሦስተኛው መጥቶ አመሰገነ፤ ያሁኑ አነጋገሩ ለስላሳ ነው። መልስ 2ን የጻፈው ሰው አልተመለሰም። ኮምቦልቻ ያለው ባለ ፕሌይስቴሽን ቤት የራሱን ጥያቄ አነሳ። ሁሉም ይሰራል፣ ፈተናው ላይ ግን የኤንኤቲ ዓይነት 3 ይላል፣ ድምፅ ለድምፅ ማውራት አይቻልም። የወልድያው ሰው፣ መልስ 22ን የጻፈው፣ ራውተሩ ላይ ዩፒኤንፒ የሚባለውን፣ ማሽኑ የሚፈልገውን መግቢያ በራሱ የሚያስከፍተውን፣ እንዲከፍት ነገረው። በአንዱ መስመር ላይ ወደ 2 ተለወጠለት። ቤቱ በሞባይል ኢንተርኔት ሲሰራ ግን 3 እንደሆነ ይቀራል። በሞባይል መስመር ብዙ ደንበኛ አንድ የውጭ አድራሻ ስለሚጋራ ይህ ከቤት ራውተር አቅም በላይ ነው ተባለ።

የመጨረሻው ከከሚሴ ነው። እሱ ያለው ቀጭኑ ፕሌይስቴሽን 4 ነው፣ 5 ጊጋኸርዝ የሚይዘው። 5ቱ አንዳንድ ቀን ይጠፋበታል። አሁን ሁሉም ሰው ቻናል መጠየቅ ለምዷል፤ ሦስት ሰዎች በአንዴ ጠየቁት። 100 ላይ ነው። የወልድያው ሰው ከ52 እስከ 144 ያሉት ከራዳር ጋር የሚጋሩ ስለሆኑ ራውተሩ ራዳር የሰማ ሲመስለው ትቷቸው እንደሚሄድ፣ አንዳንድ መሣሪያም እንደማያያቸው አስረዳው። 44 ላይ አሰረው። በሦስተኛው ቀን ተመልሶ እንዳልጠፋበት ጻፈ። ከዚያ ስለ ኬብል ዋጋ ጠየቀ፣ ወደ ጓዳ ሊያሳልፍ አስቧል። ባለ ፕሌይስቴሽን ቤቱ መጀመሪያ በገመድ ለክቶ ስንት ሜትር እንደሆነ እንዲነግረው ጽፎለታል።